አሊና ታይሰን ቢጋጠሙ ኖሮ

በአዳማ ለወጣት ቦክሰኞችና ለቦክስ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የአዳማ ፀሐይ፣ ያውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ እቤታችሁ ጋደም ማለት ስትችሉ እዚህ በመገኘታችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከፊት ለተቀመጣችሁ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ክብር ይስጥልኝ። ልጆቹን ግን አስቀድሜ ላናግር፤ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በእነሱ ሰበብ ነውና።

ባለፈው ማክሰኞ ልምምድ ጨርሰን የእጅ ጨርቅ እየፈታን ሳለ ሁለቱ ልጆቼ በተለያየ ዘመን ስለነበሩት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኖች፣ ስለ መሐመድ አሊና ስለ ማይክ ታይሰን፣ ክርክር ገጠሙ። ስማቸውን አልጠራም። አንደኛው «ታይሰን አሊን በሦስት ዙር ይዘርረዋል» አለ። ሌላኛው «ታይሰን አሊን የት አግኝቶ ይመታዋል?» ሲል መለሰ። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የታይሰን፣ ግማሹ የአሊ ሆነ። በር ላይ ሰው ሲጠብቅ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ሞተሩን አጥፍቶ ገባበት። ድምፅ ከፍ አለ። አንዱ ተቀይሞ ቦርሳውን አንስቶ ሊሄድ ሲል ያዝነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

የዚያን ዕለት አልፈረድኩም። ዛሬ እፈርዳለሁ። ነገር ግን ፍርዱን ከመናገሬ በፊት በምን መንገድ እንደደረስኩበት እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በዕድሜዬ ብዙ የቦክስ ክርክር ሰምቻለሁ። «ማን ያሸንፋል?» የሚል ሞልቷል። «በምን ያሸንፋል?» የሚለውን የሰማሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ማክሰኞ ዕለትም ያ ሁሉ ጩኸት ሲሰማ አንድም ሰው ስለ አሊ ቀኝ እጅ አቀማመጥ ወይም ስለ ታይሰን የራስ እንቅስቃሴ ሲናገር አልሰማሁም። የቦክስ ልጆች ሆነን ስለ ቦክስ ሳናወራ አመሸን። ያ ነው የቆረቆረኝ።

ዓመቶቹን ስጠራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። የእኛን ስጠራ እናገራለሁ።

ይህን ክርክር መውደድ የወረስኩት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከተማችን ያኔ ናዝሬት ነበር የምትባለው። ከሱቁ አጠገብ አንድ የእህል ነጋዴ ጎረቤት ነበረው። ሁለቱ ቡና ሲጠጡ የሚከራከሩት በቦክስ ነው። ትልቁ ክርክራቸው በጥቅምት 1967 ዓ.ም. የተደረገው ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ ሲያወራ እነሱ ስለ ኪንሻሳ ያወራሉ። መሐመድ አሊ ከጆርጅ ፎርማን ጋር በዛየር፣ በዛሬዋ ኮንጎ፣ ሊጋጠም ነው። ግጥሚያው እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ነበር የተያዘው።

ነጋዴው የነጋዴ ክርክር ነበር ያቀረበው። «ፎርማን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ውስጥ ስድስት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። ኬን ኖርተንንም በሁለት ዙር ጨረሰው። ፍሬዘር አሊን አሸንፎታል። ኖርተን የአሊን መንጋጋ ሰብሮ አሸንፎታል። እንግዲህ ቁጭ በልና ሒሳቡን ሥራው!» አጎቴ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «አሊ አሊ ነው»።

በስምንተኛው ዙር ፎርማን ወደቀ። አጎቴ ለዓመታት ሲኮራበት ኖረ። እኔ ግን ካደግኩና ቦክስ ከተማርኩ በኋላ ሳስበው፣ አጎቴ ውጤቱን ቢያገኝም ለምን እንዳገኘው አያውቅም ነበር። የነጋዴው ግምት ቢሳሳትም ክርክሩ የተሻለ ነበር፤ ቢያንስ ምክንያት አቅርቧል፤ ምክንያቱም ሊመረመር ይችላል። እስቲ እንመርምረው።

ፍሬዘር አጭር ነው። የሚዋጋው ጎንበስ ቀና እያለ፣ ሁልጊዜ ወደ ፊት እየገፋ ነው። ፎርማን ደግሞ ወደ እሱ የሚመጣን ሰው በሁለት እጁ ገፍቶ ርቀቱን ካስተካከለ በኋላ ከታች ወደ ላይ የሚመታ ቦክሰኛ ነው። ለፍሬዘር ከዚህ የከፋ ተጋጣሚ አልነበረም፤ እያንዳንዱ እርምጃው ወደዚያ አፐርከት ያስገባዋል። በጃንዋሪ 1973 ኪንግስተን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኖርተን ደግሞ ወደ ፊት ሲሄድ አስቸጋሪ፣ ወደ ኋላ ሲገፉት ግን ሌላ ሰው ነው። ፎርማን ወደ ኋላ ገፋው፤ አበቃ። አሊስ? አሊ ወደ ፎርማን አልሄደም። ረጅም ነው፣ ገመዱ ላይ ተደግፎ ራሱን ወደ ኋላ ያርቃል፣ ቡጢውን በክንዱና በትከሻው ይቀበላል፣ ክፍተት ሲያገኝ ቀጥታ ወደ ፊቱ ይመታል። ፎርማን ኪንሻሳ ሲገባ ካሸነፋቸው 40 ሰዎች 37ቱን በዝረራ የጨረሰ፣ ብዙዎቹንም በጥቂት ዙሮች የጣለ ሰው ነው። ሩቅ መንገድ የመሄድ ልምድ አልነበረውም። በዚያ ሙቀት፣ አየር ላይ በሚቀር ቡጢ ክንዱ ዝሎ ስምንተኛው ዙር ደረሰ።

ነጋዴው የሳተው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ከስንዴ ይወደዳል፣ ስንዴ ከበቆሎ ይወደዳል፣ ስለዚህ ጤፍ ከበቆሎ ይወደዳል፤ ይህ በገበያ ይሠራል። በሪንግ አይሠራም። ቦክሰኛ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ አይደለም። ከእያንዳንዱ ተጋጣሚ ጋር ሌላ ሰው ይሆናል።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ ለእኔ ከዚህም ይብሳል። ቶማስ ኸርንስ በ1984 ሮቤርቶ ዱራንን በሁለተኛው ዙር አነጠፈው፤ ዱራን በፊቱ ተደፍቶ የቀረበት ነው። በ1988 አይራን ባርክሊ ኸርንስን በሦስተኛው ዙር ዘረረው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በፌብሩዋሪ 1989፣ ያ በኸርንስ የተደፋው ዱራን፣ ያውም 37 ዓመቱ ላይ፣ ባርክሊን በ11ኛው ዙር ጥሎ በነጥብ አሸነፈው። እንግዲህ ከሦስቱ ማን ይበልጣል? ክብ ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚከብደን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሩጫ ነው ያሳደገን። የከተማችን ስታዲየም እንኳ የሚጠራው በአበበ ቢቂላ ስም ነው። ሩጫ ሰዓት አለው። ኃይሌ 10,000 ሜትርን በ1998 በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ፤ ቀነኒሳ በ2005 በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። «ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ» ብለን ስንከራከር ቢያንስ መሐላችን የምናስቀምጠው ቁጥር አለን፤ ክርክሩ ባያልቅም መነሻ አለው። ቦክስ ይህ የለውም። የታይሰንን ቡጢ ከአሊ እግር ጋር የሚያስተያይ ሰዓት አልተሠራም። የቀረን ዓይናችንና ቃላችን ነው። ለዚህ ነው የቦክስ ክርክር የሚያስጮኸው፤ ለዚህም ነው ብዙ እውቀት የሚጠይቀው።

ሰዎች በማሽን ሊገላገሉት ሞክረው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ አሜሪካዊ አዘጋጅ የቀድሞ ሻምፒዮኖችን መረጃ ወደ ኮምፒውተር እያስገባ በሬዲዮ የምናብ ውድድር አካሄደ። በዚያ ውድድር አሊ ለጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ። አሊ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰ። ነገሩ በዕርቅ አለቀና አሊ ከሮኪ ማርሲያኖ ጋር ለፊልም እንዲጋጠም ተስማማ። ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ በ1956 የተሰናበተ ሰው ነው። ሁለቱ በ1969 ብዙ ዙር እየተማቱ ተቀረጹ፤ የተለያዩ መጨረሻዎችም ተቀረጹ። የትኛው እንደሚታይ ሁለቱም አያውቁም ነበር። ማርሲያኖ ውጤቱን ሳያይ በዚያው ዓመት ኦገስት 31 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ።

ታዲያ ክርክሩ አለቀ? በፍጹም። የማርሲያኖ ወዳጅ «አላልኳችሁም?» አለ፤ የአሊ ወዳጅ «ማሽን ምን ያውቃል?» አለ። ከሃምሳ ዓመት በኋላም እንደዚያው ነን። ማሽኑ ማን እንዳሸነፈ ነገረን፤ አንዱ ሌላውን ያሳምንበት ዘንድ ግን ምንም አልሰጠንም።

የማርሲያኖን ስም ካነሳሁ አይቀር ልቆይበት የምፈልገው ነገር አለ፤ የዙር ብዛት። የተለያየ ዘመን ቦክሰኞችን ስናጋጥም «በስንት ዙር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ይህን ሳይጠይቁ መከራከር ሜዳው ስንት ሜትር እንደሆነ ሳያውቁ ስለ ሩጫ መከራከር ነው።

የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ለረጅም ዘመን 15 ዙር ነበር። በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም በ14ኛው ዙር ተመትቶ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት ግጥሚያውን ወደ 12 ዙር አሳጠረ፤ ሌሎቹም በተራቸው ተከተሉ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአንድ እናት ልጅ ከሦስት ዙር ይበልጣል። ነገር ግን ያ ውሳኔ ቦክስን ሌላ ጨዋታ አደረገው።

አሁን ወደ ኋላ ሂዱልኝ። ሴፕቴምበር 1952፣ ፊላደልፊያ። ማርሲያኖ ከሻምፒዮኑ ጀርሲ ጆ ዋልኮት ጋር ይጋጠማል። በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል። 12 ዙር ሲያልቅ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ላይ ተበልጧል። በ13ኛው ዙር አንድ አጭር ቀኝ ዋልኮትን ገመዱ ላይ አንበረከከው። ግጥሚያው 12 ዙር ቢሆን ኖሮ ማርሲያኖ ተሸናፊ ነው። 49 ለ 0 የሚባለው፣ ክርክራችንን ሁሉ የሚያቃጥለው ቁጥር፣ አይኖርም ነበር።

ጁን 1941። ቢሊ ኮን ከጆ ሉዊስ ጋር ይጋጠማል፤ ኮን 79 ኪሎ ግድም፣ ሉዊስ ከ90 ኪሎ ያላነሰ። 12ኛው ዙር ሲያልቅ ኮን በሁለት ዳኞች ይመራል፣ በሦስተኛው እኩል ናቸው። በ13ኛው ዙር ልቡ ሞቆ ሊዘርረው ገባ፤ ሉዊስ ዘረረው። በዛሬ ሕግ ቢሆን ኮን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፤ የሉዊስ 25 ጊዜ ዘውድ ማስጠበቅም ታሪክ ላይ አይጻፍም ነበር። ሴፕቴምበር 1981 ደግሞ ኸርንስ ሬይ ሌናርድን እየመራ ሄዶ 14ኛው ዙር ላይ ቀረ። በ12 ዙር የኸርንስ ነበር።

እንግዲህ አንድ ልጅ ተነስቶ «ማርሲያኖ ታይሰን ፉሪን ያሸንፋል?» ሲለኝ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። በስንት ዙር? በስንት ኪሎ? ማርሲያኖ በዘመኑ 85 ኪሎ አካባቢ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 አይሞላም። እንግሊዛዊው ፉሪ፣ ከማይክ ታይሰን ጋር እንዳታምታቱት፣ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱም 120 ኪሎ አካባቢ ነው። ዛሬ ማርሲያኖ ቢኖር ከባድ ሚዛን ውስጥ እንኳ አይገባም፤ ከበታቹ ባለው ክሩዘር ሚዛን ነው የሚጋጠመው። ይህ ለማርሲያኖ ስድብ አይደለም። ታላቅነቱ የሚለካው ባገኘው ሜዳ ላይ በሠራው ነው። ሁለት ጥያቄ ለያዩ፤ «ማን ታላቅ ነው?» አንድ ነው፤ «ማን ማንን ያሸንፋል?» ሌላ ነው። ብዙው ጠባችን የሚመጣው አንዱ የመጀመሪያውን ሲመልስ ሌላው የሁለተኛውን እየመለሰ ስለሆነ ነው።

የማይቻሉ ግጥሚያዎችን ትተን፣ ሊደረጉ ሲችሉ ስለተነፈግናቸው ደግሞ ሳስብ እናደዳለሁ። ሌኖክስ ልዊስና ሪዲክ ቦው በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ ተገናኝተው ልዊስ በሁለተኛው ዙር አሸነፈ። ሁለቱም በፕሮፌሽናል ሻምፒዮን ሆኑ፤ ሁለቱም በአንድ ዘመን ነበሩ። አልተገናኙም። ቦው ከልዊስ ጋር ሊያጋጥመው የነበረውን ቀበቶ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ሜይዌዘርና ፓኪያው ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ድርድር ላይ ቆይተው በሜይ 2015 ተገናኙ፤ አንዱ 38፣ ሌላው 36 ዓመቱ ላይ። ሜይዌዘር በነጥብ አሸነፈ፤ ግን ማን በልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ገባ? «በ2010 ቢሆን ኖሮስ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አለ፤ የፈጠሩትም ግጥሚያውን ያዘገዩት ሰዎች ናቸው። ክርክር ጥሩ ነው፤ መደረግ የሚችል ግጥሚያ ግን ወደ ክርክር መቀየር የለበትም።

ስለ ግምት ደግሞ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ታይሰንን በ10ኛው ዙር ዘረረ። ታይሰን 37 ጊዜ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ ውርርድ የከፈተው ቤት ለዳግላስ አንድ ለአርባ ሁለት ነበር የሰጠው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን «እኔ አውቄው ነበር» የሚል ሰው በዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። በዋዜማው ዝም ብለው የነበሩ ሁሉ በማግስቱ ተንታኝ ሆኑ።

ምልክቱ ግን በእርግጥ አልነበረም? ነበር። ታይሰን ከልጅነቱ ጀምሮ የቀረጸውን መንገድ ጠንቅቆ የሚያውቀውን አሰልጣኙን ኬቨን ሩኒን በ1988 መጨረሻ አሰናብቶ ነበር። ራሱን እያወዛወዘ ከጃብ፣ ማለትም በፊት እጅ በቀጥታ ከሚላክ ቡጢ፣ ሥር መግባቱ ቀንሶ አንድ ከባድ ቡጢ ፍለጋ ጀምሮ ነበር። ዳግላስ ደግሞ ረጅም፣ ጥሩ ጃብ ያለው፣ ግን ብዙ ጊዜ ልቡ አይገኝም የሚባል ሰው ነበር። ያን ጊዜ እናቱ ከሞቱ አንድ ወር እንኳ አልሞላም። የዳግላስ ልብ በዚያ ሌሊት ከየት እንደመጣ ማንም አስቀድሞ ሊገምት አይችልም ነበር። የጃቡ ርዝመትና የታይሰን ራስ መቆም ግን ላየ ሰው ይታይ ነበር። ግምት ሲባል ይህ ነው፤ የሚታየውን ማየት፣ የማይታየውን ለሪንጉ መተው።

በዚህ ምክንያት ነው ደብተር የምይዘው። ከግጥሚያው በፊት ማን፣ በምን፣ በስንተኛው ዙር ብዬ እጽፋለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ከጻፍኩ በኋላ አልሰርዝም። በሜይ 2024 ፉሪ ከዩክሬናዊው ዑሲክ ጋር ሪያድ ላይ ሲጋጠም «ፉሪ በነጥብ፤ ቁመቱና ክብደቱ ይበዛበታል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ዑሲክ አሸነፈ። ማታውኑ ተቀምጬ ያልኩትን ካየሁት ጋር አስተያየሁ። የሳትኩት እግር ላይ ነው። ዑሲክ ግራኝ ነው፤ የፊት እግሩን ከፉሪ የፊት እግር ውጪ እያሳረፈ ግራ እጁን በቀጥታ የሚልክበት መንገድ ያገኛል። በዘጠነኛው ዙር ፉሪን ገመድ ለገመድ ያንከባለለው በዚህ ነው። ቁመት ከሩቅ ነው የሚጠቅመው፤ ዑሲክ ግን ከሩቅ አልቆመለትም። ለዲሴምበሩ የመልስ ግጥሚያ «ዑሲክ በነጥብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ 112 ሰጡት። ያ ስህተት ባይጻፍ ኖሮ ትምህርቱም አይገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ልጆቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ግምታችሁን ደብተር ላይ ጻፉ እንጂ ቤቲንግ ቤት አትውሰዱት። የቁርስ ገንዘቡን አስይዞ ተበልቶ ለልምምድ በባዶ ሆድ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ገንዘብ ሲገባበት ዓይን ይጨልማል፤ ሰው የሚመኘውን እንጂ ያለውን ማየት ያቅተዋል።

ማየት ያልኩትን በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ። በ1936 ጆ ሉዊስ ያልተሸነፈ ወጣት ነበር። ሊገጥመው የመጣው ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ 30 ዓመት ያለፈው፣ ጊዜው አለቀ የተባለ ሰው ነው። ሽሜሊንግ የሉዊስን ግጥሚያዎች ፊልም ደጋግሞ አየና ለጋዜጠኞች አንድ ነገር እንዳየ ነገራቸው። ምን እንደሆነ አልተናገረም። ያየው ይህን ነበር፤ ሉዊስ በግራው ጃብ ከሰነዘረ በኋላ እጁን ወደ አገጩ ሲመልስ ዝቅ ያደርገዋል። ለዓይን እርግብግቢት ያህል የግራ ጉንጩ ክፍት ይሆናል። ሽሜሊንግ በዚያች ክፍተት ቀኙን እየላከ በ12ኛው ዙር ዘረረው።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሉዊስ ያሸንፋል ብሎ ሲከራከር፣ ከሁሉ የተሻለውን ግምት የያዘው ራሱ ተጋጣሚው ነበር። ሉዊስም አልተኛም፤ በጁን 1938 ሲገናኙ ሽሜሊንግ የሚጠብቃትን ክፍተት ሳይሰጠው ገና ከደወሉ ተወርውሮበት በ2 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ጨረሰው። ልጆች፣ ክርክር ስትጀምሩ እንደ ሽሜሊንግ «አንድ ነገር አይቻለሁ» ብላችሁ ጀምሩ። አይታችሁ ካልሆነ ግን ቅድሚያ እንይ በሉ።

አሁን የማክሰኞው ፍርድ።

መጀመሪያ የትኛው አሊ፣ የትኛው ታይሰን? እኔ የምወስደው የ1966ቱን አሊ ነው፤ ክሊቭላንድ ዊልያምስን በሦስት ዙር የጨረሰውን፣ ከሪንግ ከመታገዱ በፊት ያለውን። ታይሰን ደግሞ የ1988ቱ፤ ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የጣለው። ክብደታቸው ይቀራረባል፤ አሊ ወደ 96 ኪሎ፣ ታይሰን ወደ 99። ስለዚህ እንደ ማርሲያኖና ፉሪ የኪሎ ጥያቄ የለብንም። ቁመት ግን አለ፤ አሊ 1 ሜትር ከ91፣ ታይሰን 1 ሜትር ከ78።

የታይሰን ወገን ልጄ፣ አንተ ማክሰኞ ዕለት ያላቀረብከውን ምክንያት እኔ ላቅርብልህ፤ ጠንካራ ነውና። አሊ በሕይወቱ የወደቀባቸው ግጥሚያዎች ጥቂት ናቸው። በ1962 ሶኒ ባንክስ ጣለው፤ በግራ ሁክ፣ ክንድ ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ቡጢ። በ1963 ሄንሪ ኩፐር ጣለው፤ በግራ ሁክ። በ1971 ፍሬዘር በ15ኛው ዙር ጣለው፤ በግራ ሁክ። አሊ ቡጢ ሲመጣ ጎንበስ አይልም፤ አገጩን ወደ ላይ ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ቀኝ እጁም ዝቅ ይላል። ታይሰን ደግሞ ከጃብ ሥር ጠልቆ የሚወጣው በምንድነው? በግራ ሁክ። ከኩፐርና ከፍሬዘር የፈጠነ ሁክ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች ለአሊ እሳት ናቸው። በእነዚያ ዙሮች አሊ አንዴ ይወድቃል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ይነሳል። ባንክስ ሲጥለው ተነስቶ አሸነፈ፤ ኩፐር ሲጥለው ተነስቶ በሚቀጥለው ዙር አስቆመው፤ ፍሬዘር ሲጥለው ተነስቶ ግጥሚያውን ጨረሰ። ከተነሳ በኋላ ደግሞ የታይሰን ችግር ይጀምራል። በማርች 1987 ቦንክራሸር ስሚዝ ታይሰንን 12 ዙር ሙሉ እያቀፈ ቆየ። ታይሰን በነጥብ ቢያሸንፍም ከእቅፍ ውስጥ ወጥቶ መማታት አልቻለም፤ ዳኛው እስኪለያያቸው ቆሞ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት ቶኒ ተከርም 12 ዙር ሄደበት። ፍሬዘር በእቅፍ ውስጥም ሆድ ይመታል፤ ታይሰን ግን በእቅፍ ውስጥ ያርፋል። አሊ ደግሞ የተጋጣሚውን አንገት በግራ ጓንቱ ስቦ መያዝ ያውቅበት ነበር፤ በ1974 የፍሬዘር ወገን አምርሮ ያዘነው በዚሁ ነው። የ1966ቱ አሊ ይህን ብዙ አልተጠቀመበትም፤ እግሩ ስለሚበቃው አላስፈለገውም። ሲያስፈልገው ግን የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። በዚህ ላይ የዳግላስ ጃብ ያስጨነቀውን ሰው የአሊ ጃብ ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በ12 ዙር ከሆነ አሊ በነጥብ፤ አንድ ጊዜ ወድቆ፣ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ግን ብዙዎቹን ዙሮች ወስዶ። በ15 ዙር ከሆነ ከ12ኛው ዙር በኋላ ዳኛው ያስቆመዋል። ሐሳቤን ሊያስለውጠኝ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ የመሐል ዳኛው። አንገት መያዝን ከመጀመሪያው አስጠንቅቆ ነጥብ የሚቀንስ ዳኛ ከገባ፣ አሊ መሸሸጊያ ያጣል፤ ያኔ ታይሰን በስድስት ዙር ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል።

የአሊ ወገን የሆንከው ልጄ፣ ደስ እንዳለህ ከፊትህ አያለሁ፤ ግን አንተ ስለ ግራ ሁኩ መልስ አላቀረብክም፤ ለማክሰኞ እጠብቅሃለሁ። የታይሰን ወገን የሆንከው ደግሞ ሥራህ ግልጽ ነው። ታይሰን ከእቅፍ ውስጥ ራሱን ነፃ አውጥቶ በአጭር ቡጢ ሰው የጎዳበትን ዙር ፈልገህ አምጣልኝ። ቪዲዮውን በስልክህ ይዘህ ና፤ የእጅ ጨርቅ ከማሰራችን በፊት አብረን እናየዋለን። ካገኘህ ደብተሬን አምጥቼ ከዛሬው ፍርድ ሥር፣ በዕለቱ ቀን፣ አዲስ መስመር እጽፋለሁ።

የባጃጁ ወንድማችንም ከኋላ እንደተቀመጠ አሁን አየሁት። እንኳን ደህና መጣህ። አንተም ማክሰኞ ና፤ የትኛው ወገን እንደሆንክ እስካሁን አልነገርከንም።